ቤቶች! ውሻ ያዙ!

በእኛ አገር ሰው ቤት የሚመጣ እንግዳ በር አያንኳኳም። በሩ ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ ውሻውን ማለፍ አለበትና። ገና ከጓሮው ማዶ፣ ከገብሱ ዳር ቆሞ ዱላውን ወደፊት ቀስሮ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ይላል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል፤ መልሱ ሳይሰማ አንድ ልጅ ተወርውሮ ይወጣና የውሻውን አንገት አቅፎ መሬት ላይ ይተኛበታል። እንግዳው በጎን እየተራመደ፣ ዓይኑን ከውሻው ሳይነቅል ያልፍና ደጃፉ ላይ ሲደርስ «ይሄ ውሻ አንድ ቀን ሰው ይፈጃል» ይላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር። ለውሻ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

በእኛ ቤት አንገት የሚያቅፈው ልጅ እኔ ነበርሁ።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ጋሳይን አልፎ ወደ ጉና ሲታጠፉ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ፈልቀው ጣና ይገባሉ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ገብሱ እያጠረ ይሄዳል፣ ዛፉ ይቀራል፣ መጨረሻ ላይ ጓሳና ጅባራ ብቻ ይሆናል። ከታች ያሉት የፎገራ ሰዎች ላምና ለም ሜዳ አላቸው። እኛ ያለን ገብስ፣ ድንችና በግ ነው። ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ ድንቹ መሬት ውስጥ ሲበሰብስ ቤቱን የሚያወጣው በግ ነው። የከብት ተመራማሪዎች የአካባቢያችንን በግ «የፋርጣ በግ» ብለው ለብቻው መዝግበውታል፤ አጭር ወፍራም ላት ካላቸው የደጋ በጎች ወገን ነው። እናቴ ግን በግን የምትመዘግበው በሌላ መንገድ ነበር። «ያቺ ግንባረ ቦቃ የአንተ ደብተርና ቁምጣ ናት፤ ያ ጥቁሩ ጠቦት የጨውና የጋዝ ነው» ትላለች። ስለዚህ ሌሊት ከጉረኖው አንድ በግ ከጎደለ በማግስቱ ከእኛ የአንዳችን ነገር ጎደለ ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ውሻ አይቆጠርም ነበር። የገበሬ ማኅበር ሰዎች ንብረት ሊጽፉ ሲመጡ በሬ፣ ላም፣ በግ፣ አህያ፣ ዶሮ ይጠይቃሉ፤ እነሱን ላለማስነከስ አንገቱን ይዤ የተኛሁበትን ማንም አይጠይቅም። ካደግሁ በኋላ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስን የእንስሳት ሀብት ጥናት ሳገላብጥ ያው ሆኖ አገኘሁት። ግመል አለ፣ በቅሎ አለ፣ የንብ ቀፎ ሳይቀር ይቆጠራል። ውሻ ዓምድ የለውም።

ቡችላ የሚመረጠው በአባቴ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ የማንንም ምክር አይሰማም። ቡሬ የምትባለው እናቲቱ በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ ዋሻዋ ይሄዳል። ዋሻ የምለው እሷ ራሷ ከጭድ ክምሩ ሥር የቆፈረችው ጉድጓድ ነው። ቡችሎቹን አንድ በአንድ በማጅራታቸው ያነሣቸዋል። የጮኸውን ይመልሳል። ዝም ብሎ እግሩን ዘርግቶ የተንጠለጠለውን አፉን ከፍቶ ላንቃውን ያያል፤ ጥቁር ከሆነ ያ ነው። የጥቁር ላንቃን ጉዳይ እስከ ዛሬ አላምንበትም፤ ሲነሣ ያልጮኸው ግን ብዙ ጊዜ ልበ ሙሉ ሆኖ ያድግ እንደነበር አይቻለሁ። ከዚያ ጆሮ ይቆረጣል። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ጅብ የሚይዘው ነገር አያገኝም ይባላል። እናቴ ያን ቀን ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ውኃው ሁለት እንስራ ቢሞላም አትመለስም።

ቡችላው ጡት ሲተው ክረምት ከሆነ ውጭ ማደር አይችልም፤ የጉና ብርድ ያደርቀዋል። ሰው የሚተኛበት መደብ ላይም አይወጣም፤ ውሻ ርኩስ ነው፣ እጣኑና ጸበሉ ያለበት ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አያድርም። የቀረው ቦታ አንድ ነው። ግልገሎቹ ከታች፣ ከመደቡ ሥር ባለችው ጋጣ ያድራሉ። ቡችላው እዚያ ይጣላል። የመጀመሪያው ሌሊት እናት በጎቹ በግንባራቸው ይገጩታል፣ ግልገሎቹ ይረግጡታል። በሦስተኛው ሌሊት ከግልገሎቹ ሆድ ሥር ተሸጉጦ ያድራል። በሳምንቱ የበግ አፍ ይልሳል፣ የበግ ሽታ ይሸታል፣ እናቱ ራሷ አነፍንፋ ትሸሸዋለች።

እኛ ይህን ያደረግነው ብርድ አስገድዶን ነው። ሌላው ዓለም ግን በዕውቀት ያደርገዋል። ቱርኮች በካንጋል፣ ጣልያኖች በማሬማ ውሻ የታወቁ ናቸው። አሜሪካዊው ሬይመንድ ኮፒንገርና ባለቤቱ ሎርና ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲህ ያሉ ውሾችን ወደ አሜሪካ በግ አርቢዎች ወስደው ሲያጠኑ፣ ዋናው ነገር ቡችላው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከበግ ጋር መዋል ማደሩ መሆኑን ጻፉ። ያን ጊዜ ከበግ ጋር ያደገ በጉን ወገኔ ይለዋል፤ ያላደገ ምን ቢገርፉት አይማርም። ናሚቢያም ውስጥ ገበሬዎች አቦሸማኔን በጥይት መጨረሳቸውን እንዲተዉ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአናቶልያ ውሾች ቡችላ ይታደላቸዋል፤ እነዚህም በሕፃንነታቸው ከመንጋው ጋር ይቀላቀላሉ። ይህን ሳነብ የታየኝ የእኛው ጋጣ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። እነሱ ዘንድ ውሻው ቀን ከበጉ ጋር ይሰማራል። እኛ ዘንድ ቀን ከበግ ጋር የሚሰማራው ልጅ ነው፤ ውሻው ብዙ ጊዜ በገመድ ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። አባቴ «ቀን ሰው ካየ ይለምዳል፤ የለመደ ውሻ ደግሞ ሌባ ጭራ ይቆላለታል» ይል ነበር።

ስም ማውጣትም የአባቴ ነው። በገጠር የውሻ ስም ለውሻው ብቻ አይወጣም፤ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ያለበት ብዙ ነው። አባቴ በድንበር ተካሶ ከተረታ በኋላ ያሳደገውን ወንድ ውሻ «ዳኛው» አለው። ማታ ማታ ፍርፋሪውን ይዞ ደጅ ይቆምና፣ ጎረቤት እንዲሰማ አድርጎ፣ «ዳኛው! ና ብላ! ብላ እንጂ፣ ምን ታፍራለህ!» ይላል። ማዶ ያለው ባላጋራችንም ሞኝ አልነበረም፤ የራሱን ውሻ «ምን ቸገረኝ» ብሎ ሰየመው። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት በቀጥታ ሳይነጋገሩ በውሾቻቸው ስም ተሰዳደቡ። ውሾቹ ግን ወዳጆች ነበሩ።

ዳኛው ቡላ ነበር፤ ደረቱ ነጭ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ከዛሬ የከተማ ውሾች አንጻር ትንሽ። ፈረንጅ የበግ ጠባቂ የሚላቸውን የጥጃ ቁመት ያላቸውን ውሾች በፎቶ ሳይ የእኛዎቹ ለምን እንዲህ አነሱ ብዬ አስባለሁ። መልሱ ሩቅ አይደለም። በሚበሉት ልክ ነው የሚያድጉት።

ሌሊት ውሻ ሲጮህ ከተማ ያደገ ሰው የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። አባቴ ከመደቡ ሳይነሣ ምን እንደመጣ ይለያል። ቆም እያለ፣ እያረፈ ከጮኸ በሩቅ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ሳያቋርጥ፣ እየሮጠ ከጮኸ አጥር ጥግ የደረሰ ሰው ነው። ወፍራም ድምፁ ቀጥኖ ወደ ማላዘን ካዘነበለ፣ ጩኸቱም ከአጥሩ ወደ ግድግዳው እያፈገፈገ ከመጣ ጅብ ነው። ያኔ አባቴ አንካሴውን ያነሣል፣ እናቴ ከምድጃው ትንታግ ትመዛለች፣ እኔ ችቦ እይዛለሁ።

በሩ ሲከፈት ሁሌም የማየው አንድ ነገር ነው። ዳኛው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ጸጉሩ ከማጅራቱ እስከ ጭራው ቆሞ፣ የኋላ እግሩ መድረኩን እየነካ ይጮሃል። ወደፊት አንድ እርምጃ አይሄድም። አባቴ ወጥቶ ከጎኑ ሲቆምና «ጃስ! በለው!» ሲል ግን ሌላ ፍጡር ይሆናል፤ ተወርውሮ ከጨለማው ይገባል፣ ጅቡ ሲሸሽ የእግሩ ኮቴ ይሰማል፣ የዳኛው ጩኸት ቁልቁል ይርቃል። አባቴ ሁለት እርምጃ ከተመለሰ ዳኛውም ይመለሳል።

ልጅ ሆኜ ይህን ፍርሃት አድርጌ አፍርበት ነበር፤ ውሻ ጅብ እንዲገድል እጠብቅ ነበርና። አሁን ሳስበው ሥራው ያ አልነበረም። ጅብ የአህያ ጭን የሚሰብር መንጋጋ አለው፤ ሃያ ኪሎ የማይሞላ፣ አተላ ጠጥቶ ያደረ ውሻ ምን ያደርገዋል? ኮፒንገሮችም ስለ ትልልቆቹ ውሾች የጻፉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አውሬውን የሚመልሰው ከግጥሚያው ይልቅ ጩኸቱና መገኘቱ ነው። ዳኛው የሚጠብቀው አባቴን በማንቃት ነበር። በጉን የሚጠብቁት ውሻው፣ አጥሩ፣ እሳቱና እንቅልፉን የተወው ሰው አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ከእነሱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን ዋጋ የለውም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት ስሰማ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ጅቡ የሄደው ውሻው ስለ ጮኸ መሆኑን ተረቱን የተረተው ሰው ተኝቶ አላየም።

ነብር ሲመጣ ሌላ ነው። ውሻ ለነብር አይጮህም። አንድ የኅዳር ሌሊት ዳኛው በሩን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር፤ ድምፅ የለውም፣ ቡጨራው ብቻ ይሰማል። አባቴ በሩን በጭላንጭል ሲከፍተው በእግሮቹ መሀል ሾልኮ ገብቶ፣ ርኩስ ነው የተባለው ውሻ ከመደቡ ላይ፣ ከእኔና ከእህቴ መካከል ተሸጎጠ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሽንቱን ለቆብናል። እናቴ «አውጡት» ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው። በጎቹ ጋጣ ውስጥ ቆመው አደሩ። ጧት አመዱ ላይ የመዳፉን አሻራ አየነው፤ ክብ፣ ጥፍር የሌለው። ነብር ከበግም ከፍየልም ውሻ ይመርጣል ይባላል፣ ዳኛውም ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር።

አባቴና እናቴ በውሻ የሚጣሉት በምግብ ጉዳይ ነበር። አባቴ «የጠገበ ውሻ ይተኛል» ባይ ነው። እናቴ ደግሞ «የተራበ ውሻ የጎረቤት ደጅ ያድራል፤ ውሻ በበላበት ነው የሚጮኸው» ትላለች። ዕለታዊው ቀለብ የጠላ አተላ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የድንች ልጣጭ፣ ሲገኝ አጓት ነው። እናቴ ምጣዱን ከማውረዷ በፊት ከሊጡ ጥራጊ ትንሽ ነገር ጋግራ በቀሚሷ ከልላ ታወጣለች፤ አባቴ ያያል፣ እንዳላየ ይሆናል። እኔ ከእናቴ ጋር ነኝ። የአባቴን ሐሳብ ውድቅ ያደረገችው ቡሬ ናት፤ እሷ በአጥሩ ሾልካ ከ«ምን ቸገረኝ» ቤት በልታ የምትመለስባቸው ሌሊቶች ብዙ ነበሩ፣ በእነዚያ ሌሊቶችም የጮኸችው እዚያ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ግን እናቴም አቅም የላትም። ለ55 ቀን ሥጋ አይታረድ፣ ወተት አይጠጣ፤ አጥንት የለ፣ አጓት የለ። ሰው ይጾማል፣ ውሻም ሳያውቀው ይጾማል፣ ጅብም ይጾማል። የጅቡ ጾም ነው ክፉው። አያቴ «በሁዳዴ ጅብ ደፋር ነው» እያለች አህያዋን ከጨለመ በኋላ ውጭ አታሳድርም ነበር፤ እኛ የአሮጊት ፍርሃት አድርገን እንስቅ ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ የመቀሌው ተመራማሪ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳተሙት፣ የአህያ ጸጉር ያለበት ኩስ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወራት ወደ 33 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። የእርድ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቡ ራሱ ያድናል ማለት ነው። አያቴ ይህን የምታውቀው አህዮቿን ቆጥራ ነበር።

ቡሬን ጅብ የበላት በሁዳዴ ነው። እርጉዝ ነበረች፣ ሩጫ አልቻለችም። ጧት ያገኘነው የአንገቷን ጠፍር ብቻ ነው። አባቴ ያነሣውና አገላብጦ አይቶ በግድግዳው ችካል ላይ ሰቀለው፤ ጠፍር አይጣልም፣ ለሚቀጥለው ይሆናል።

ውሻ የሚፈሩ መንገደኞች ሁሉ አንድ ወገን፣ የቆሎ ተማሪዎች አንድ ወገን ናቸው። አካባቢያችን የአብነት ትምህርት ቤት አገር ነው። ጋይንት ውስጥ የድጓው ማስመስከሪያ ቤተ ልሔም አለች፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባ ይሄዳል። ስለዚህ ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ በበራችን የማያልፍበት ሰሞን የለም። ከእኔ ብዙም የማይበልጡ ልጆች ናቸው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ሲጀምሩ ዳኛው ያብዳል። የደበሎው ሽታ የበግ ነው፣ የሚሸከመው ሰው ነው፣ ድምፁ ደግሞ ዜማ ነው፤ ውሻ ይህን ሦስት ነገር አንድ ላይ አያስታርቀውም መሰለኝ። አዲስ ተማሪ ይሮጣል፣ ይነከሳል። የበሰለው ተማሪ ግን ዱላውን መሬት ላይ አኑሮ ቁጭ ይላል። ውሻ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይነክስም፤ ዙሪያውን ይጮሃል፣ ግራ ይገባዋል፣ ያነፈንፋል። በሆሜር የጥንት የግሪክ ተረት ኦዲሴዎስም የእረኛው ውሾች ሲመጡበት በዚሁ ዘዴ ተጠቀመ፤ ዱላውን ጥሎ ተቀመጠ። የእኛዎቹ ተማሪዎች ሆሜርን አላነበቡትም፤ ከፊታቸው ካለፈው ተማሪ ባት ጠባሳ ነው የተማሩት። አንዱ ተማሪ ለዳኛው ብሎ ከለመነው እንጀራ ቁራሽ ይዞ ይመጣ ነበር። ለእኛ ጸሎት፣ ለውሻው እንጀራ። በዓመቱ ዳኛው ለእሱ ጭራውን ይቆላ ጀመር፣ አባቴም «ይሄ ልጅ ወይ ሊቅ ይሆናል ወይ ሌባ» አለ።

ቡሄ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል የእረኛ በዓል ነው፤ ጅራፍ እናጮሃለን፣ ሙልሙል እንቀበላለን። ጅብ ፊት የቆመው ዳኛው የጅራፉን ጩኸት ሲሰማ ጭራውን ወትፎ ጋጣ ገብቶ ይውላል። ግልገሎቹ ግን ንቅንቅ አይሉም።

በ1982 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነቱ ደብረ ታቦር ዙሪያ ሲደርስ ውሾቹ ሌላ ሥራ ያዙ። ሠራዊት በሌሊት ነው የሚንቀሳቀሰው። ከክምር ድንጋይ ከተማ በኩል የአንድ መንደር ውሻ ይነሣል፣ ቀጥሎ ያለው መንደር ይቀበላል፣ ከዚያ ከእኛ ማዶ ያለው። አባቴና ጎረቤቶቹ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ጩኸቱ ወዴት እንደሚሄድ ያዳምጣሉ፤ ራዲዮ ከሚናገረው ይልቅ ይህን ያምናሉ። ጩኸቱ ወደ እኛ ሲታጠፍ ልጆችና በግ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ውሻው ግን ችግር ነው፤ ገደል ውስጥ ከጮኸ ሁላችንንም ያስይዛል። በእነዚያ ሌሊቶች ዳኛው ቤት ታስሮ ይቀራል። ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ያየው እሱ ብቻ ነው። ከ«ምን ቸገረኝ» ባለቤት ጋር አባቴ መነጋገር የጀመረውም ያን ሰሞን ነው፤ አንድ ገደል ውስጥ ተደብቀው እያደሩ መኳረፍ አይመችም።

ከዚያ በኋላ በመጣው በጋ ያበደ ውሻ መጣ። ከየት እንደመጣ ማንም አላወቀም፤ አፉ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ መንጋጋው ተንጠልጥሏል፣ ቀን በቀን፣ ቀጥ ብሎ፣ ማንንም ሳይፈራ ይሄዳል። ዳኛውን ነከሰው፣ ሁለት በጎች ነከሰ፣ የጎረቤታችንን ልጅ ባቱን ነከሰው። ያበደውን ውሻ መንደሩ በድንጋይ ገደለው። ማታውን ሽማግሌዎች ተቀምጠው የተነከሰ ውሻ ሁሉ ይገደል አሉ። አባቴ ሌላ ሰው እንዲገድልለት አልፈቀደም። ገመዱን ፈትቶ ይዞት ወደ ጉናው በኩል ወጣ፤ ዳኛው ቀን በመፈታቱ ደስ ብሎት እየዘለለ ሄደ። የምንሽር ጠመንጃውን ድምፅ ሰማን። አባቴ ሲመለስ እራት አልበላም፣ እናቴም አልጠየቀችውም።

ልጁን ወደ ጸበል እንውሰደው፣ የለም ወደ ጎንደር እንውሰደው የሚል ክርክር ሆነ። እናቱ ሁለቱንም አደረገች፤ ጸበሉን አስረጭታ በዚያው ቀን መኪና ላይ ወጣች። ለ14 ቀን በየቀኑ ሆዱ ላይ ተወጋ፤ ከዚያም ተጨማሪ። ያን ጊዜ የነበረው ክትባት አዲስ አበባ ሕዝቡ «ፓስተር» በሚለው ተቋም ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር። ውሻው በጉን ሲጠብቅ ኖሮ ያደረሰውን ጉዳት በጉ በአንጎሉ ከፈለ፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ያኔ ብሰማው አላምንም ነበር። ልጁ ዳነ። በሽታው ከቁስሉ በነርቭ እየተጓዘ ወደ አንጎል ነው የሚወጣው፤ ባት የተነከሰ ፊት ከተነከሰው ይልቅ ጊዜ ያገኛል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ አደጋውን እንደሚቀንስ ያን ጊዜ በመንደራችን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኛ ቁስሉ ላይ የነፋነው አመድ ነው።

ጉዳቱ በሰውና በበግ አይቆምም። በልጅነቴ ከጓሳው ውስጥ ቀይ ቀበሮ አይቻለሁ፤ ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ አይጥ ጉድጓድ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ይጠብቃል። በግ እምብዛም አይነካም፣ እኛም አንነካውም። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹ መጀመሪያና እንደገና በ2003 (እ.ኤ.አ.) የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ ብዙዎቹን ፈጅቷል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 አይሞሉም፣ ሁሉም እዚሁ አገር ናቸው። በቀን የሚታሰረው፣ ማታ የሚለቀቀው፣ ርቦት በጓሳው የሚዞረው የእኛ ዓይነት ውሻ ነው በሽታውን የሚያደርሰው። ለዚህ ጥፋተኛው ውሻው ነው ማለት አልችልም። ውሻ ያልቆጠረ ውሻ አይከትብም። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን እንደሚያቆም ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ስንት ውሻ እንዳለ ሳይታወቅ ግን 70 በመቶው ስንት እንደሆነ ማን ይናገራል? ከዚያ ይልቅ በብዙ ከተሞች ሲደረግ የኖረው በሌሊት መርዝ የተቀባ ሥጋ መበተን ነው፤ ባለቤት ያለውም የሌለውም አብሮ ያልቃል፣ በዓመቱ መንገዱ በሌሎች ይሞላል።

አሁን ቤቱን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፣ ማሳው ግማሹ ባሕር ዛፍ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ በግ የሚያሰማራ የለም፤ ስድስት በግ ብቻ ቀርቶታል፣ እነሱም ግቢ ውስጥ ታስረው ድርቆሽ ይበላሉ። ባለፈው ዓመት ደውሎ «ከአዲስ አበባ የጀርመን ውሻ ፈልግልኝ» አለኝ። ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች ይዘዋል፣ ጆሮው የቆመውን። ዋጋውን ነገርሁት፤ ዝም አለ። የሚበላውን ነገርሁት፤ ሣቀ። «ሥጋ? እኛስ መቼ በላን?» አለ።

እዚያው መንደር ከተወለደች ከአንዲት ባለ ነጭ ደረት ውሻ ቡችላ ወሰደ። ጆሮውን አልቆረጠውም፤ ሚስቱ አይሆንም አለች። ክትባት የሚሰጡት ልጆች በረዶ ሳጥናቸውን ይዘው ሲመጡ ወስዶ አስወግቶታል፣ ካርድም አለው፤ በካርዱ ላይ ስሙ «ቦቢ» ተብሎ ተጽፏል። ጋጣ ውስጥ አሳድረኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«የምን ጋጣ?» አለኝ። «የሚያድረው ከሞተር ሳይክሉ ሥር ነው። በግማ ማን ይሰርቃል ዛሬ? የሚሰረቀው ሞተሩ ነው።»

«ጅብስ?»

«ጅብ አለ። ትናንትናም ጮኋል።»

«ቦቢ ጮኸ ወይስ ጅቡ?»

«ሁለቱም» አለ። «እኔም ወጥቼ ጮህሁ። ከዚያ ሚስቴ ፉርሽካ በጥብጣ ሰጠችው፤ አስር ብር የማይሞላ ሥራ ሠርቶ የሃያ ብር በላ።»